መድኃኒቴን የደበቅሁበት መከር

ጉበቱን የታመመ ሰው ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል፤ ያልታመመውም ቢያነብ አይጎዳም። የምጽፈው ጎበዝ ታማሚ ስለነበርኩ አይደለም። በአንድ መከር ውስጥ ሐኪሜን ሁለት ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ሚስቴን ከዚያ በላይ። ከደረሰብኝ ፍርሃት ግማሹ የበሽታው ነው፣ ግማሹን ግን ያመጣሁት ራሴ ነኝ።

ስሜ ጌታሁን ነው። ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ነው፤ በመከር ጊዜ ባንኮ ጎቲቲ በሚገኝ አንድ ቡና ማጠቢያ ሚዛን ላይ እሠራለሁ። ገበሬው እሸት ቡናውን በጆንያ ያመጣል፣ እኔ መዝኜ እጽፋለሁ። ጆንያ ሥር ድንጋይ የከተተውን፣ ቡናው ላይ ውሃ ያርከፈከፈውን አውቃለሁ። ሰው ሚዛን ሲያታልል ዓይኑ ወዴት እንደሚሸሽ እንኳ አውቃለሁ። ይህን የምነግራችሁ ኋላ እንድትታዘቡኝ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ሰኔ ላይ ነው። መጀመሪያ ድካም ብቻ ነበር፤ ከገበያው እስከ ቤቴ ያለችውን አጭር ዳገት ሁለት ጊዜ ቆሜ ጨረስኳት። ቀጥሎ ዘይት ሲጋል ሽታው ያስመልሰኝ ጀመር፤ በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ አንድ ከባድ ነገር የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። ዲላ ውስጥ ታይፎይድ ነህ ያልተባለ ሰው ካለ ክሊኒክ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ባሰብኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬ ከለከለኝ። ሁለት ሳምንት አልጫ ስበላ ሽንቴ እንደ ጥቁር ሻይ ሆነ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አፈርኩ።

ነገሩን ያየችው ባለቤቴ ዘነበች ናት። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ የልጆችን ዓይን አይታ ማን እንዳልተኛ፣ ማን ቁርስ እንዳልበላ ታውቃለች። አንድ ጠዋት በር ላይ የጫማዬን ክር አስሬ ቀና ስል ትክ ብላ ታየኛለች።

«ጌታሁን፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኗል» አለችኝ።

ወሬው ከኛ በር ጪጩ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ከዲላ አለፍ ብላ ባለችው ጪጩ ታላቅ እህቴ እትዬ አስቴር አለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁን እዚያው ገበያ ላይ ሙዝና አቮካዶ ትሸጣለች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልጣ አየች።

«የወፍ በሽታ ነው። ይሄን ሐኪም አያውቀውም» አለች። በኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን እንዲህ ነው የሚባለው፤ መድኃኒቱም ቅጠል ነው።

«ሐኪም ያውቀው እንደሆነ መጀመሪያ ይየዋ፣ እትዬ» አለች ዘነበች።

ሁለቱም ፈገግ ብለው ነበር የሚነጋገሩት። እኔ ግን መሃላቸው መቀመጡን አልወደድኩትም።

ያን ጊዜ ዘነበች አሸነፈች። ሆስፒታል ሄድን፣ ደሜ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘ። ምናልባት ከልጅነትህ ጀምሮ አብሮህ የኖረ ነው፣ አሁን ተቆጥቶ ነው አሉኝ። በየቀኑ የምውጠው እንክብል ታዘዘልኝ። ዘነበችና ሁለቱ ልጆቻችን ተመርምረው ነፃ ሆኑ፣ ክትባትም ጀመሩ። በኩባያ እንደማይተላለፍ ደጋግመው ቢነግሩንም እኔ ራሴ ኩባያዬን ለየሁ። በሦስተኛው ቀን ዘነበች ያቺን ኩባያ አንስታ ውሃ ጠጣችባትና መልሳ አስቀመጠቻት። የዚያን ቀን የወደድኳትን ያህል ወድጃት አላውቅም።

ሐኪሙ ከቤተሰብ በጉበት የሞተ እንዳለ ጠየቀኝ። አባቴ የሞተው እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ሆዱ ተነፍቶ፣ ክንዱና እግሩ ቀጥኖ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው። ቤታችን ውስጥ ጉበት የሚል ቃል ተጠርቶ አያውቅም፤ ሆዱ ነፋ ብቻ ነው የተባለው። ሐኪሙ የነገርኩትን ጻፈ። ከዚያ ይህ ቫይረስ በአንዳንድ ሰው ላይ ውሎ አድሮ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ፣ ስለዚህ ክትትሉን እንዳላቋርጥ ነገረኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። እንደ አባቴ መሞትን ፈራሁ።

በዚያው ሰሞን የእንዲህ ዓይነት ታማሚዎችን ደም በየወሩ የሚለካ ጥናት ውስጥ እንድገባ ተጠየቅሁ። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ናሆም የሚባል ለማስተማር ወደ ዲላ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው። የሚለኩት ነገር ማይክሮ አር ኤን ኤ እንደሚባል ነገረኝ።

«ሴሎቻችን ሥራቸውን የሚቆጣጠሩባቸው በጣም ትንንሽ ቁርጥራጮች ናቸው» አለኝ። «አንደኛዋ ዓይነት በብዛት ያለችው ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ሲጎዳ ሴሎቹ ይሰነጠቁና ወደ ደም ትፈስሳለች። ከሌላው ምርመራ ቀድማ ትነግረን እንደሆነ ብለን ነው የምንለካት።»

አልገባኝም ስለው ሥራዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ማጠቢያው እየሠራ መሆኑን ግቢው ሳይገቡ ማወቅ ይችላሉ?»

«ከታች የሚወርደውን ውሃ አያለሁ። ቡና እየተፈለፈለ ከሆነ ይደፈርሳል።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ። ከታች ቆሜ ውሃውን ነው የማየው።»

ወደድኩት። ልኬቱ ለጥናት እንጂ ብቻውን ለሕክምና ውሳኔ እንደማይሆን፣ የሚያሳስብ ነገር ካየ ግን እንደሚነግረኝ አስረድቶ አስፈረመኝ።

ደም የምትቀዳው ሲስተር ሐና ናት። ቱቦውን ስትይዝ ያየ ሰው ውስጡ የተኛ ሕፃን አለ ይላል። ደሙ ከተናጠና ቀይ ሴሎቹ ከተሰባበሩ ልኬቱ ይበላሻል፣ ስለዚህ በዝግታ ገልበጥ ቀና ታደርገዋለች፤ ከዚያ ወደሚያሽከረክረው ማሽን ፈጠን ብላ ትሄዳለች። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ቆማ ማቀዝቀዣውን ታያለች። ልኬቱ የሚሠራው በኮሮና ጊዜ ባወቅነው ዓይነት ማሽን ነው። ውጤቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

የነሐሴው ልኬት ከፍተኛ ነበር። የመስከረሙ ወረደ። ዓይኔ ጠራ፣ ምግብ ተስማማኝ፣ ዳገቷን ሳልቆም ወጣሁ። እዚህ ላይ አርፌ መቀመጥ ነበረብኝ።

አላረፍኩም። ዶክተር ናሆምን ቫይረሱ መቼ እንደሚጠፋ ስጠይቀው፣ እንክብሉ ብዙ ጊዜ ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም አለኝ። ይህንኑ ለእትዬ አስቴር ነገርኳት።

«የተኛ ጠላት መነሳቱ ይቀራል?» አለች። «ሳያጠፉት አስተኝተው ሰደዱህ። አባባ እንዴት እንደሄደ በዓይንህ አይተሃል።»

አባባ ስትል አለቀልኝ። ለመከሩ ወደ ባንኮ ጎቲቲ በወጣሁበት በጥቅምት መጀመሪያ ቅጠሉን መጠጣት ጀመርኩ። ሁለት ሕግ አለው። መድኃኒቱ ወንዝ መሻገር የለበትም፤ ስለዚህ እሱ ወደኔ ስለማይመጣ እኔ ወደ እሱ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቴ ስመለስ ጪጩ ላይ ወርጄ እህቴ ወቅጣ የበጠበጠችውን በአንድ ትንፋሽ እጨልጠዋለሁ። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ለማንም አይነገርም። ለሚስት እንኳ ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉ ይሄዳል። ምዬ ነው የጀመርኩት። ጣዕሙ ጆሮ ድረስ የሚሰማ መራራ ነው፤ መራራነቱ ራሱ ተስፋ ሰጠኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ደም ሰጠሁ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዶክተር ናሆም ደወለ። ያቺ ልኬት እንደገና ወደ ላይ ወጥታለች አለኝ። አልትራሳውንድ አነሳኝ፣ ምንም አላየም። ቫይረሱ ተኝቷል። ሌላው የጉበት ምርመራ ገና ብዙ አልተነሳም። ግራ ገብቶታል።

«ከእንክብሉ ሌላ የወሰዱት ነገር አለ? የባህል መድኃኒት፣ ቅጠል፣ ማንኛውም ነገር።»

«የለም» አልኩት። ዓይኔ ወዴት እንደሸሸ እንጃ።

ለምን ዋሸህ ትሉኝ ይሆናል። ቅጠሉ ይጎዳኛል የሚል ሐሳብ አንዴም አልመጣብኝም። እኔ ያሰብኩት የአባቴ በሽታ እየተነሳ ነው፣ በሕይወት ያቆመኝ ቅጠሉ ብቻ ነው፣ ከተናገርኩ ደግሞ እሱንም አጣዋለሁ ብዬ ነው። ስለዚህ ልኬቷ መውጣቷን ለእህቴ ነገርኳት፤ እሷም ቅጠሉን የሚሰጣትን አዋቂ ጠይቃ መጠኑን እጥፍ አደረገችው። የኅዳሩ ልኬት ካለፈው ይበልጥ ወጣ። ዶክተሩ ያንኑ ጥያቄ ደገመልኝ፣ እኔም ያንኑ መልስ ደገምኩለት። በፈራሁ ቁጥር እጠጣለሁ፣ በጠጣሁ ቁጥር ልኬቷ ትወጣለች፣ በወጣች ቁጥር እፈራለሁ። ሚዛን ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ይህን አላየም።

ለጥር ሐዋሳ ቀጠሮ ተያዘልኝ። መጀመሪያ ሲቲ ስካን፣ አስፈላጊ ከሆነም በመርፌ ከጉበቴ ቁራጭ ሊወሰድ። ባንኮ ጎቲቲ በምተኛባት ክፍል መፈልፈያው ሲቆም ሌሊቱ ጭር ይላል፣ ያን ጊዜ እጄ ሆዴ ላይ ይሄዳል። ነፋ ወይስ እህል ነው? በመጨረሻ የጆንያ ሲባጎ ቆርጬ ወገቤን እየለካሁ በየማታው ቋጠሮ ማሰር ጀመርኩ። ዘነበች ሱሪዬን ልታጥብ ስትል ሲባጎውን ኪሴ ውስጥ አገኘችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የጆንያ ማሰሪያ ነው» አልኳት። እሱስ እውነት ነው።

ታኅሣሥ ላይ በአንድ ሰኞ ድጋሚ ደም እንድሰጥ ተጠራሁ። አግዳሚው ላይ አጠገቤ አንዲት ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት ተቀምጣለች። ከሬኮ ነው የመጣችው፤ እዚያ ማጠቢያ ውስጥ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ትለቅማለች። ከፌስታሏ ሙዝ አውጥታ አንዱን ሰጠችኝ። ቁርስ አልበላሁም ነበርና ተቀብዬ ላጥኩ።

«አንተም ለጉበቱ ነው የመጣኸው?»

«አዎ።»

«እኔ ተራዬ አልደረሰም ነበር። ሲስተሯ ደወለች፣ ሰኞ ቶሎ ነዪ አለችኝ። የኔ ደምና የአንድ ሰውዬ ደም አጠገብ ላጠገብ ነበር፣ ስሙ ተቀያይሮ ይሆናል አለች። የሰውዬው ደም መጥፎ ነው። እንግዲህ ከተቀያየረ እሱ ደህና ነው፣ መጥፎው የኔ ነው ማለት ነው።» ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ሦስት ቀን አልተኛሁም። ጡት ላስጥለው ወይ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።»

የሙዙን ልጣጭ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። የደም መቅጃው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር፣ ከውስጥ የዶክተር ናሆም ድምፅ ይሰማል።

«ሐና፣ ቱቦው ላይ ስም የምትጽፊው ከመቅዳትሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት ነው ዶክተር። ሁልጊዜም በፊት ነው።»

«ሌላ ማብራሪያ ስላጣሁ ነው የምጠይቅሽ። ይህን ካላጣራሁ ሥራውን ካንቺ ማንሳት ሊኖርብኝ ነው።»

ዝምታዋን አውቀዋለሁ። ማጠቢያ ውስጥ ቁጥር ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሚዛን ላይ ያለው ሰው ነው፤ አንድ መከር እኔም እንደዚያ ቆሜ፣ በእጄ የጻፍኩትን እያየሁ፣ የምለው ጠፍቶኝ ያውቃል።

ያኔ እውነቱን ከተናገርኩ እንደ አባቴ እንደምሞት አምኜ ነበር። ዛሬ ብትስቁብኝ መብታችሁ ነው፣ ያን ቀን ግን ሞቴን ተቀብዬ ነው የተነሳሁት። በሩን ገፋሁት።

«ዶክተር፣ ስሙ አልተቀያየረም። ደሙ የኔ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቅጠል እጠጣለሁ።»

ሲስተር ሐና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎት እኮ።»

«ከተነገረ ይረክሳል ተብዬ ነው።»

አልሳቀብኝም፣ አልተቆጣኝምም። «ያቺ ልኬት ጉበትዎ እየተጎዳ ነው ትላለች እንጂ ማን እንደሚጎዳው አትናገርም» አለኝ። «እሱን መናገር የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ።» ቅጠሉን ዛሬውኑ እንዳቆም፣ ሌሎቹን የጉበት ምርመራዎች በየሳምንቱ እንደሚያይ፣ ያቺንም ከወር በኋላ እንደሚለካት ነገረኝ። ከወረደች ጥፋቱ የቅጠሉ ነው ለማለት ይቀርባል። ካልወረደች ግን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ የሐዋሳው ቀጠሮም እንዳለ ይቆያል።

ከዚያ ራሱ ወጥቶ ለሬኮዋ ሴት ደሟ ደህና እንደሆነ ነገራት። አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ወደኔ ዞረች።

«ሰውዬው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሙዜንም በላህ» አለችኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ደግሞ መድኃኒቴን ደብቄ በሽታ ጨመርኩ። ለእናንተም የምለው ይኸው ነው። ቅጠል ጠጡ ወይም አትጠጡ የምል ሰው አይደለሁም፤ ሐኪም ምን ወሰድክ ሲላችሁ ግን ሁሉን ተናገሩ። የደማችሁን ትንሽ ቁራጭ ሳይቀር የሚለካ ማሽን እናንተ አፍ ውስጥ ያለውን አያውቅም።

ያን ቀን ማታ ለዘነበች ነገርኳት። ስጨርስ «ሲባጎውስ?» አለችኝ። እሱንም ነገርኳት። ሁለት ቀን የምታናግረኝ በልጆቹ በኩል ነበር፤ «አባታችሁን ራት ቀርቧል በሉት» ዓይነት። በሦስተኛው ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ብቻህን ነው እንዴ የምትፈራው?» አለች። እኔ ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ከሁሉ ይከብዱ ነበር። ቃሌን አፍርሻለሁ፣ መድኃኒቴን አጥቻለሁ፣ ጎኔን በወጋኝ ቁጥር ይኸው ጀመረኝ እላለሁ። የፈሩት ይደርሳል የሚለው አባባል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጥር ላይ ዶክተር ናሆም ሲደውል ጆንያ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ነበር።

«ወርዳለች፣ አቶ ጌታሁን። መስከረም ወደነበረችበት ልትመለስ ምንም አልቀራትም።»

ሚዛኑ ላይ ያለውን ቁጥር ለማንበብ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ዓይኔ ውሃ ሞልቷል። ሐዋሳም ሄድኩ፤ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ሆነ፣ መርፌውም ቀረ። እንክብሌን እውጣለሁ፣ በየስድስት ወሩ እታያለሁ። ቫይረሱ ተኝቷል፣ እኔም እተኛለሁ።

እትዬ አስቴር ጋ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ገበያ ላይ ሙዝ ትደረድር ነበር። መናገሬን ነገርኳት፣ ልኬቷ መውረዷን ነገርኳት።

«ተናገርክና ዳንክ?»

«ስናገር አቆምኩት፣ ሳቆመው ዳንኩ። ይጎዳኝ የነበረው ቅጠሉ ነው፣ እትዬ።»

እጇ ሙዙ ላይ ቆመ። ወደኔ ሳታይ ተናገረች።

«ለአባባም የምወቅጥለት እኔ ነበርኩ። ሰው እንዳይሰማ ተብዬ ላንተም አልነገርኩህ። ጠዋትና ማታ ነበር። ሲብስበት ጨመርኩለት።»

ሌላ ውሸት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ የአባባ በሽታ ሌላ ነው ብላት ምን ይጎዳል? ግን አልቻልኩም።

«ቅጠሉን የጀመርሽለት ዓይኑ ቢጫ ሲሆን አይደል?» አልኳት። «ታሞ ነበር።»

«ቅጠሉ አብሶበት ይሆን?»

«አላውቅም እትዬ። የአባባን ደም የለካው የለም።»

ራሷን ነቀነቀች። አንድ ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ጠየቃት፣ አልሰማችውም። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔም እጠጣለሁ» አለችኝ። «በየዓመቱ፣ ለመከላከያ ብዬ።»

በማግስቱ ይዣት ዲላ ሄድኩ። እዚያው ሲስተር ሐና ፊት ተቀመጠች፤ እጅጌዋን ከተጠየቀችው በላይ ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሲስተር ሐና ቱቦው ላይ ስሟን ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ስባ እንደ ማንኛውም ሰው ጠየቀቻት።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት የወሰዱት መድኃኒት አለ? የባህልም ቢሆን።»

እህቴ ወደኔ ዞረች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጻፊ ልጄ» አለቻት። «ከአባቴ ልጀምርልሽ።»